«ልዩ ልዩ ጉዳዮች»፦ የትንሽ ከተማ ጉባኤ ታሪክ ከጎባና ከሮቤ

የባሌ ደጋ ጠዋት ቀልድ አያውቅም። ጉሙ ከተራራው ወርዶ መንገዱ ላይ ሲተኛ፣ የጋሪ ፈረሶች ትንፋሽ እንደ ጭስ ሲትጎለጎል፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሻይ ቤት ገብቶ እጁን በብርጭቆ ማሞቅ፣ ወይ ቆሎ ገዝቶ እየቆረጠመ ወዲያ ወዲህ ማለት። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት የደጋ ከተማ፣ ሁለተኛውን መረጥሁ። ከአንዲት አረጋዊት የገብስ ቆሎ ገዛሁ። በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቆሎው አልቆ ወረቀቱን ልጥል ስል ዐይኔ ጽሕፈቱ ላይ ዐረፈ።

ቃለ ጉባኤ ነበር፤ ደስ በሚል የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ። ከላይ የተገኙ አባላት፣ ቀጥሎ አጀንዳ። አንደኛ ስለ ቦኖ ውሃ፣ ሁለተኛ ባለቤት ስለሌላቸው ውሾች፣ ሦስተኛ ስለ ቦታ ምሪት፣ አራተኛ ልዩ ልዩ ጉዳዮች። ውሳኔው የተጻፈበት ግማሽ ገጽ ግን ተቀዶ ከሌላ ሰው ቆሎ ጋር ሄዷል።

«እማማ፣ ይህን ወረቀት ከየት አመጡት?» አልኋቸው።

«በኪሎ ነው የምንገዛው ልጄ። ምነው፣ ቆሎው ቆሸሸብህ?»

«የለም፣ ቆሎውስ ማለፊያ ነው።»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ስለ ባሌ የተጻፈውን ታሪክ ሳነብ ዘመቻ አለ፤ ዐመፅ አለ፤ የጦር አዛዥና የሸፈተ ጀግና አለ። ነገር ግን ስለ ቦኖው ውሃ ማን ወሰነ? የገበያውን ተራ ልክ ማን ቆረጠ? ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ሕይወቱ የተመራው በዋናዎቹ የታሪክ ምዕራፎች ብቻ ሳይሆን «ልዩ ልዩ» ተብለው ከታች በተጻፉት ጉዳዮች ጭምር ነው። እስቲ ዛሬ በዚያች በተቀደደች ወረቀት በኩል የጎባንና የሮቤን ታሪክ እንመልከት።

ከተማ ማለት ሰፈር ነበር

ዛሬ «ከተማ» ስንል የሚታየን መንገድ፣ ሱቅና መብራት ነው። የቀድሞው ትርጉሙ ግን ሌላ ነበር፤ የሠራዊት ሰፈር፣ ሹሙ ድንኳኑን ተክሎ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቦታ። የምኒልክ ጦር በአርሲ ከተደረገው ረጅምና ደም ያፋሰሰ ውጊያ በኋላ ወደ ባሌ ሲዘልቅ፣ በደቡብ እንዳሉት ብዙ ከተሞች ሁሉ የባሌም የደጋ ከተማ የተጀመረው በዚህ ዓይነት ነው። ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ከሳነቴ አምባ ሥር፣ ተራራውን ጀርባዋ አድርጋ ተቀመጠች። ሮቤ ከእሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ፣ ስንዴና ገብስ በሚያበቅለው ሜዳ ላይ አደገች። አንዷ የሹም ከተማ፣ ሌላዋ የእህል ገበያ ነበሩ ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

ይህ አመሠራረት አንድ ነገር ጥሎ አልፏል። በከተማው የሚኖረው አብዛኛው ወታደር፣ ሹም፣ ካህንና ነጋዴ፣ ከሌላ አገር የመጣና አማርኛ የሚናገር ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬና ከብት አርቢ በአመዛኙ ኦሮምኛ ተናጋሪና እስላም ነው። ገበሬው ወደ ከተማ የሚመጣው በገበያ ቀን፣ ግብር ሊከፍል፣ ወይም ክስ ኖሮበት ነው። ማታ ይመለሳል። ስለዚህም ከተማው ስለ ራሱ ሲመክር፣ ከደጁ ያለው ሕዝብ በምክሩ ውስጥ አልነበረም።

ይህ ሲባል ገጠሩ ምክር ቤት አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ባሌ የገዳ ሥርዓት አገር ናት። ከታወቁት አምስት ኦዳዎች አንዱ ኦዳ ሮባ የሚገኘው በዚያው ነው፤ መደ ወላቡም በኦሮሞ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ የታወቀ ነው። ሕዝቡ ለምለም ሣር ላይ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሕግ ሲያወጣ፣ ውሃና ግጦሽ ሲከፋፈል፣ ደም ሲያደርቅ ኖሯል። የኦሮሚያ ምክር ቤት የሚጠራበት «ጨፌ» የተባለው ቃል ራሱ ጉባኤው የሚቀመጥበትን ለምለም መስክ ያመለክታል። እንግዲህ ነገሩን በአጭሩ ልበለው፤ ገጠሩ ቃለ ጉባኤ ያልነበረው ጉባኤ ነበረው፤ ከተማው ደግሞ ጉባኤተኛ የጎደለው ቃለ ጉባኤ ያዘ።

በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት

ትንንሾቹን ከተሞች በሕግ መልክ ያስያዘው በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። ጣልያን ከወጣ ገና አራት ዓመት መሆኑ ነበር። አዋጁ ከተሞችን በሁለት ሠንጠረዥ ከፈለ። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ የገቡት አዲስ አበባና ጎንደር ብቻ ናቸው፤ ከንቲባ የተባለ ሹም ተሰጣቸው። በሁለተኛው የተዘረዘሩት ሌሎቹ ከተሞች ግን የሚተዳደሩት በከተማ ሹም ሆነ። በሕጉ አነጋገር ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሕዝቡ ግን ልዩነቱን ቁም ነገር ብሎ አልያዘውም፤ የትም ይሁን የት ያንን ቢሮ «ማዘጋጃ ቤት» ብሎ ጠራው፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ይለዋል።

በጉባኤው የሚቀመጡትስ እነማን ናቸው? በአንድ በኩል የየሚኒስቴሩ ወኪሎች አሉ። በሌላ በኩል ከነዋሪው ወገን የሚገቡ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ነገር ግን ተራ ነዋሪ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ወይም ከዋነኞቹ ነጋዴዎች አንዱ መሆን ያስፈልጋል። ሹሙ ከላይ ይሾማል። የሚጣለው ክፍያና የሚያዘው በጀት በአገር ግዛት ሚኒስቴር እጅ ያልፋል። በዚህ ላይ አማርኛ፣ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት በግልጽ እንደ ተጻፈው፣ የመንግሥቱ ይፋዊ ቋንቋ ነው። እንግዲህ አንባቢ ያስብ፤ ቤትና ሱቅ ያለው፣ አማርኛ የሚናገርና የሚጽፍ ሰው በዚያን ጊዜ በባሌ ደጋ ማን ነበር? ሕጉ ማንንም በስም አላገለለም። ግን የወንበሩን ቁመት ቀድሞ ወስኖታል።

ሥራውን ግን አንናቅ። መንገድ መጥረግ፣ ድልድይ መጠገን፣ ውሃና መብራት ማሰብ፣ ቄራ መቆጣጠር፣ ገበያ ማስያዝ፣ የቦታ ካርታ መስጠትና መመዝገብ፣ እሳት ሲነሣ ማጥፋት። ከየሸክሙና ከየከብቱ የምትለቀመው የገበያ ተራ፣ ከየቤቱ የሚከፈለው የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የሥጋ ቤቱ ፈቃድ፤ ከዚህች ቋት ነው ያ ሁሉ የሚሠራው። ትልልቁን ግብር የሚሰበስበው ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚተርፈው ሳንቲሙ ነው። በትንሽ ከተማ ጉባኤ ላይ ሰዎች ስለ አንድ ቦኖ ለሰዓታት ቢከራከሩ የሚስቅባቸው፣ ቋቱን አይቶት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ጎባ ዋና ከተማ ሆነች። እንደራሴ መጣ፤ መሥሪያ ቤት መጣ፤ ደመወዝተኛ መጣ። ቤት ተፈለገ፤ ቦታ ተፈለገ። «የቦታ ምሪት» በትንሽ ከተማ አጀንዳ ላይ የማይጠፋ ቃል የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሦስት ዓመት ሳይቆይ ደግሞ ገጠሩ ነደደ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየው የባሌ ዐመፅ ምክንያቱ ብዙ ነው። ዐመፁን ከትግራይና ከጎጃም ጋር አነጻጽሮ የመረመረው ገብሩ ታረቀ እንዳሳየው፣ የመሬት ቅየሳው፣ የግብሩ ክብደት፣ የሹማምንቱ ጉቦና በሃይማኖትና በዘር የሚደርሰው ንቀት ተደራርበው ነው ሕዝቡን ያስነሡት። ዋቆ ጉቱም የዐመፁ ዋነኛ መሪ ሆነው ስማቸው የተጠራው በዚህ ጊዜ ነው። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ብሶቶች አንዱም እንኳ የከተማው ጉባኤ ሊመክርበት የሚችል አልነበረም። የመሬት ግብር የእርሱ አይደለም፤ ቅየሳው የእርሱ አይደለም፤ የገጠሩ ሰው የእርሱ መራጭ አይደለም። በጠረጴዛው ላይ ቦኖ፣ ከመስኮቱ ውጭ ጦርነት፤ በመካከሉም ሁለቱን የሚያገናኝ ሕግ አልነበረም።

መንግሥቱ ይህን ጉድለት ጨርሶ አላየም አይባልም። በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጣ፤ አውራጃዎች በተመረጠ ምክር ቤት የራሳቸውን ትምህርት ቤት፣ መንገድና ጤና እንዲመሩ፣ ከሚሰበስቡትም ገቢ እንዲያስቀሩ የታሰበ ነበር። ለሙከራ ጥቂት አውራጃዎች ተመረጡ። ነገር ግን ገንዘቡን የሚፈቅደው ሕግ ፓርላማ ገብቶ እዚያው ቀረ። ምክር ቤት ያለ ከረጢት ምን ያደርጋል? ሐሳቡ ወረቀት ላይ አረጀ። በ1962 ዓ.ም. ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጡ፤ ዐመፁ በረደ፤ የአውራጃው ምክር ቤት ግን አልተቀመጠም።

ወንበሩ ሲገለበጥ

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። የድሮውን ጉባኤ መሠረት በአንድ ሌሊት ነው የናደው። በጉባኤው ለመቀመጥ መስፈርት የነበረው ንብረት እዚያው መስፈርት መሆኑ ቀረ፤ እንዲያውም ወንጀል ባይሆን ነውር መሰለ። በምትኩ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ በአጭሩ ቀበሌ፣ ተቋቋመ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት ኪራይ ቤቶች ተሰጡ። በ1969 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበራቱ ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ከተማው ማዕከላዊ ማኅበር ተያያዙ፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 206 እንደገና አደራጃቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልብስ አጣቢዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ጋሪ ነጂው ስለ ሰፈራቸው እጃቸውን አውጥተው ድምፅ ሰጡ። ይህን መካድ አይገባም። ያው ቀበሌ ግን ፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ የአብዮት ጥበቃ ነበረው፤ እስር ቤትም ነበረው። ስለ ቦኖ ውሃ የሚመክረው ስብሰባ ስለ ሰው ነፍስም የሚመክርበት ዘመን መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ስብሰባ ቀርቶ ከቤት መዋል እንኳ ትርጉም የሚሰጠው ነገር ሆነ። የመጣ ሁሉ ያጨበጭባል፤ ያላጨበጨበ ይታወቃል። እንዲህ ባለ ስብሰባ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ቢል ምኑ ይገርማል?

እኔ ያንን ዘመን የማስታውሰው በሕፃን ዐይን ነው፤ ትዝ የሚለኝም ትንሽ ትንሹ ነገር ነው። እናቴ በገበያ ቀን ቅቤ ይዛ ስትወጣ ተከትያት እሄዳለሁ። ተራ የሚያስከፍለው ሰው ከጥራዙ አንዲት ቅጠል ቀድዶ ይሰጣታል። እሷም በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራታለች። «እማዬ፣ ወረቀቷ ምን ትሠራለች?» ብዬ ጠየቅኋት። «መቀመጫዬ ናት» አለችኝ። መሬት ላይ ለመቀመጥ የሚከፈልበት ምክንያት ያን ጊዜ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው ግን፣ የከተማውን አስተዳደር በገንዘብ ያቆሙት እንዲህ በነጠላ ጫፍ የተቋጠሩት ወረቀቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ስንቷ እናት በጉባኤው ወንበር ላይ ተቀምጣ ይሆን?

የቋንቋውም ነገር በዚያ ዘመን ትንሽ ተነቃነቀ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛንም በማስተማሪያነት ያዘ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ብዙ ሰው በራሱ ቋንቋ ስሙን ሲጽፍ ያ የመጀመሪያው ነው። የመዝገቡ ቋንቋ ግን እንዳለ ቀጠለ። ክርክሩ በኦሮምኛ ይካሄድ ይሆናል፤ ጸሐፊው ግን በአማርኛ ይጽፈዋል። በጉባኤው የተናገረ ሰው የተናገረውን ተጽፎ ቢያየው የማያውቅበት ጊዜ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አሥራ አራት ኪሎ ሜትር

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወንበሩ ለሦስተኛ ጊዜ ዞረ። በጥር 1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 ክልሎችን አቋቋመ፤ ባሌም ኦሮሚያ ውስጥ ገባች። በዚያው ዓመት ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ የጉባኤ ቋንቋ ሆነ። ሕዝቡ በተናገረበት ቋንቋ ሲጻፍለት ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ የዘመናት ዕዳ መክፈል ነው። ነገር ግን ከዚህ ጎን አንድ ሌላ ነገር ተከተለ። በቁቤ ተምሮ ያደገው ወጣት የአያቱን ከተማ መዝገብ ለማንበብ አስተርጓሚ ፈለገ። ድሮ የገጠሩ ሰው መዝገቡን ማንበብ አልቻለም፤ ዛሬ የዚያው ሰው የልጅ ልጅ የድሮውን መዝገብ ማንበብ ይቸግረዋል። በሁለቱም ጊዜ መዝገቡና ሕዝቡ ሳይገናኙ ቀሩ።

ስለ ከተሞች ደግሞ ሕጉ ብዙ አልተናገረም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስለ ክልሎች በሰፊው ይተነትናል፤ ከክልል በታች ያለውን እርከን ግን ክልሎች አስፈላጊ ሆኖ እንዳገኙት እንዲያቋቁሙት ትቶላቸዋል። ከአዲስ አበባ በቀር ከተማ የሚባል ነገር በስም አይነሣበትም። በዚህ ምክንያት ትንንሽ ከተሞች ለዓመታት በወረዳ ጉያ ውስጥ ተሸጉጠው ኖሩ። ኦሮሚያ የራሱን የከተሞች አዋጅ ቁጥር 65 ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በነዋሪው የሚመረጥ የከተማ ምክር ቤት በሕግ ቆመ፤ በጀቱን ማጽደቅ የእርሱ ሆነ። የከንቲባው ሹመት ግን ከላይ፣ ከክልሉ መንግሥት እንዲመጣ ተደረገ። የ1937ቱን አዋጅ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል።

በዚህ መካከል ለሁለቱ ከተሞች ከቦኖም ከምሪትም የሚበልጥ ነገር ሆነ። የባሌ መቀመጫ ከጎባ ወደ ሮቤ ተዛወረ። 14 ኪሎ ሜትር ለመኪና ምንም አይደለም፤ በጋሪም ይደረሳል። ለከተማ ግን ብዙ ነው። መሥሪያ ቤት ሲሄድ ደመወዝተኛው ይሄዳል፤ ደመወዝተኛው ሲሄድ ምግብ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ አከራዩ ይከተላል። የሕዝብ ቆጠራው ነገሩን በቁጥር ያሳየናል። በ1987ቱ ቆጠራ ጎባ ከሮቤ ትበልጥ ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ ሮቤ ከ44 ሺህ በላይ ስትደርስ ጎባ 32 ሺህ ገደማ ላይ ነበረች። በዚያው ዓመት ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። የሮቤ ሰው ሜዳው፣ እህሉና መንገዱ ያመጣው ዕድገት ነው ይላል፤ አልተሳሳተም። የጎባ ሰው በምንም ሳንጠየቅ ነው ያጣነው ይላል፤ እርሱም አልተሳሳተም።

እኔን የሚያሳስበኝ ማን ተጠቀመ የሚለው አይደለም። የከተማን ዕጣ የሚወስነው ነገር በከተማው ጉባኤ አጀንዳ ላይ የሚቀርብበት መንገድ በሦስቱም መንግሥታት አለመኖሩ ነው። ጎባ በ1952 ዓ.ም. ዋና ከተማ ስትሆን የጎባ ጉባኤ አልወሰነም፤ ስትቀርም አልወሰነም። ሮቤም መቀመጫነቱን ያገኘችው ድምፅ ሰጥታ አይደለም። ለትንሹ ከተማ የተተወለት «ልዩ ልዩ» ብቻ ነው።

የውሾቹ ጉዳይ

ነገር ግን «ልዩ ልዩ» የተባለው ሁሉ ልዩ ልዩ አይደለም። በዚያች የቆሎ ወረቀት ላይ ሁለተኛ የነበረው አጀንዳ ትዝ ይላችኋል? ባለቤት ስለሌላቸው ውሾች። በብዙ የአገራችን ከተሞች ይህ አጀንዳ የሚያልቀው በአንድ መንገድ ነበር፤ ሥጋ ውስጥ መርዝ ተደርጎ ሌሊት ይበተናል፤ ጠዋት ሬሳው በጋሪ ይለቀማል። ከዓመት በኋላ ውሻው እንደገና ይበዛል፤ አጀንዳውም እንደገና ይመጣል።

ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባን ያቋርጣል፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በአቅራቢያው 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ይህ አካባቢ በ1962 ዓ.ም. በተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ዐዋቂዎቹ በጠቅላላው 500 አይሞሉም። በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጀ። በ1996 ዓ.ም. እንደገና መጥቶ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ከዚያም ወዲህ ተመላልሷል። የበሽታው ምንጭ የሰው ውሻ ነው፤ ከእረኛው ጋር ተራራ የሚወጣ፣ ከከተማና ከመንደር ጥራጊ ላይ የሚያድግ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የያዘው መንገድ ሌላ ነው። መግደሉን ትቶ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ውሾችን ያስከትባል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀመረ። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት ገድሎ ከመጨረስ አስከትቦ ማኖር ይሻላል፤ የተከተበ ውሻ ቦታውን ይዞ በሽታውን ይመክታልና። የተገደለው ውሻ ቦታ ግን ባልተከተበ ውሻ ይሞላል።

እንግዲህ አስቡት። ቄራው ጥራጊውን የት ይጥላል? ውሻ ይመዝገብ ወይስ አይመዝገብ? ለክትባት ከበጀቱ ስንት ብር ይቆረጥ? ይህ ሁሉ ሰው እያዛጋ የሚያልፈው ጉዳይ ነው። ነገር ግን አንድ የእንስሳ ዘር ከምድር ይጥፋ አይጥፋ፣ አንድ ሕፃንም ተነክሶ ይሙት አይሙት የሚለው በዚያ አጀንዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ከኮፐንሃገን እስከ ኦክስፎርድ ያሉ ሊቃውንት ስለ ቀይ ቀበሮ ብዙ ጽፈዋል፤ ደግ አድርገዋል። የከተማው ጉባኤ ስለ ውሾች ምን ብሎ ወሰነ፣ ለምን ወሰነ፣ ገንዘቡንስ ከየት አመጣ የሚለውን የሚነግረን ግን መዝገቡ ብቻ ነው።

መዝገቡ የት ነው?

እዚህ ላይ ወደ ቆሎ ሻጯ ልመለስ። እሳቸው ምንም አላጠፉም፤ ወረቀቱን ገንዘብ ከፍለው ነው የገዙት። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የመጀመሪያው ተጎጂ መዝገብ ቤት ነው። አዲሱ ሹም የአሮጌውን ዶሴ አይፈልገውም፤ ክፍሉን ይፈልገዋል። ዶሴው ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ዝናብ ይመታዋል፤ አይጥ ይበላዋል፤ የተረፈው በኪሎ ይሸጣል። በባሌ ደግሞ በዚህ ላይ «የድሮ ነው፤ በሌላ ቋንቋ ነው፤ የእኛ አይደለም» የሚል ሐሳብ ሊታከልበት ይችላል።

የእኛ ነው እላለሁ። የአማርኛ ተናጋሪውም የኦሮምኛ ተናጋሪውም ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልተቀመጠ ይነበባል። የገጠሩ ሰው ስም የሚገኘው ከአባላቱ ዝርዝር ውስጥ ባይሆን እንኳ፣ ከገበያ ተራ ከፋዮች፣ ከአቤቱታ አቅራቢዎች፣ ቦታ ከተነፈጉት መካከል ሊሆን ይችላል። በደል ደርሷል የሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለውም፤ በደል አልነበረም የሚልም እንዲሁ። መዝገቡን ለቆሎ መጠቅለያ የሰጠ ከተማ ክርክሩን ለጉልበተኛ ምላስ ትቶታል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን መዛግብት አደራ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ለምናውቀው ወመዘክር፣ ሰጥቷል። ወመዘክር ግን አዲስ አበባ ነው፤ ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሮቤ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱንም ቋንቋ፣ ሁለቱንም ፊደል የሚያነቡ ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከጎባ እስከ ጊኒር በየማዘጋጃ ቤቱ ጓዳ ቢገቡ፣ የተረፈውን አቧራ አራግፈው ቢመዘግቡ፣ በአማርኛ የተጻፈውን በኦሮምኛ፣ በቁቤ የተጻፈውን በአማርኛ ቢመልሱ፣ ወጪው የአንድ አደባባይ ሐውልት አይሞላም። ከሐውልቱ ይልቅ የሚናገረው ግን መዝገቡ ነው።

ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ በእጄ ናት። ዘይቱ ገብቶባት ቢጫ ሆናለች። የተቀደደው ግማሽ ላይ ስለ ቦኖው ምን እንደተወሰነ አላውቅም። ከቅዳጁ ጠርዝ ላይ ግን አንድ የተረፈ መስመር አለ፤ በየትኛውም መንግሥት፣ በየትኛውም ትንሽ ከተማ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ናት። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ፣ ትላለች።